አማቴ ዝም ያለችበት ለቅሶ

ባለፈው ዓመት ሞጣ ውስጥ ለወጣቶች በተዘጋጀ የንባብ መድረክ ላይ ከአንድ እንግዳ ደራሲ ጎን አስቀመጡኝ። እሱ ከሩቅ የተጋበዘ፣ መጽሐፎቹ የሚነበቡለት ሰው ነው። እኔ ደግሞ የአካባቢው ሰውም መቀመጥ አለበት ተብሎ የተቀመጥኩ ጡረተኛ የአማርኛ መምህርት ነኝ። አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «ጸሐፊ መሆን የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ጠባይ ሊኖረው ይገባል?» ብላ ጠየቀች። እንግዳው ወዲያው መለሰላት፦ ትዕግሥት፣ ብዙ ማንበብ፣ ተሰጥኦ፣ ተስፋ አለመቁረጥ። አዳራሹ አጨበጨበ። ማይኩ እኔ ዘንድ ሲደርስ «እሳቸው እንዳሉት ነው» ብዬ መለስኩት።

እሳቸው እንዳሉት አይደለም። ትዕግሥትማ አለኝ፤ ከአማቴ ጋር በአንድ ግቢ ያረጀች ሴት ትዕግሥት የላትም የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረው። አንብቤአለሁ፤ ከተማው ውስጥ የተገኘውን መጽሐፍ ሁሉ አንብቤ ጨርሻለሁ። ተስፋም አልቆረጥኩም። ርዕሰ መምህራችን የነበረው ሰውዬ «ሴት መጻፍ ስትጀምር ወጥ ያርራል» እያለ በመምህራን ክፍል ውስጥ ሲያስቅብኝ እንኳ መጻፌን አልተውኩም። እሱ በዕድሜው የጻፈው ነገር ቢኖር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። እነዚህ ሁሉ እያሉኝ ግን የጻፍኳቸው ታሪኮች አይተነፍሱም ነበር። ባሕር ዳር ያለ አንድ አርታኢ ዘንድ ወሰድኳቸው። አገላብጦ አገላብጦ፣ «እትዬ፣ ቋንቋው ያምራል፤ ሰው ግን የለበትም» አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ እስከ ሞጣ ድረስ ስሰድበው መጣሁ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እንዲገባኝ ያደረገችውም ልታስተምረኝ ያልፈለገች ሴት ናት።

አማቴ ሙሾ አውራጅ ናት። ለቅሶ ቤት ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ተነሥታ የሟቹን ነገር በግጥም ታወርዳለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ያላለቀሰ ሰው በሷ ቃል ያለቅሳል። ቄሶቹ ከመጠን ያለፈ ለቅሶ አይወዱም። ሲቆጧት አንገቷን ትደፋለች፤ ዞር ሲሉ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። እዚህ ላይ ግን «እሷ» እላታለሁ፤ ወረቀቱ የኔ ነው።

ማንበብና መጻፍ አትችልም፤ አትፈልግምም። ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሬ ስታየኝ በሩ ላይ ትቆምና፣ «ምን ትጭሪያለሽ? ዶሮ እንኳ ስትጭር ጥሬ ታገኛለች» ትለኛለች። ለጎረቤት ስታወራ ደግሞ «ምራቴ ሥራ ላይ ናት፤ ወረቀት ታቆሽሻለች» ትላለች። ይህን ሁሉ አልረሳሁም። የምጽፈውም ስላልረሳሁ ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር፤ ከየት ታመጣዋለች? የሰፈራችን ልብስ ሰፊ የሞተ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ስለ እሱ ምን ይባላል? ጥሩ ሰፊ ነበር ከማለት በቀር እኔ የማውቀው የለም። አማቴ ተነሣች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እንዲህ አለች፦

መርፌህን ከኮትህ ሳታወጣው ተኛህ፣
ኧረ ተው ተነሣ ጎንህን ሳይወጋህ።

ድንኳኑ ተነቃነቀ። ሰውዬው መርፌውን ሁልጊዜ ኮቱ ደረት ላይ ሰክቶ ይይዝ ነበር፤ እኔም የልጆቼን የደንብ ልብስ ለማሰፋት ስመላለስ አይቼዋለሁ። እሷ ግን ከመርፌው አልፋ፣ ተኝቶ ሲወጋው መርፌውን የሚነቅልለት ሰው በቤቱ እንደሌለ አየች። እኔ አስተማሪዋ፣ መጽሐፍ አንባቢዋ፣ ያን ያህል ዓመት ስመላለስ የት ነበርኩ? ያን ቀን አመሻሽ ላይ «እንዴት አገኙት?» ብዬ ጠየቅኳት። «አፈር ስሆን፣ ምኑን?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ሙያዋን ለልጆቿ እንኳ አላሳየችም፤ ለኔማ።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ።

ልጆቼ ገና ትንንሽ ሳሉ እናቴ ቢቸና ውስጥ ሞተች። መርዶው ሲደርሰን አማቴ ከኔ ቀድማ ጥቁሯን ለብሳ ወጣች። በልቤ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ እናቴ በደንብ ትለቀስልኛለች አልኩ። የአማቴ ስም ቢቸናም ይታወቅ ነበርና ስንደርስ ሴቶቹ መሀል ላይ ቦታ ለቀቁላት። ሁሉም ጠበቀ። እሷ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና ተቀመጠች። የመጀመሪያው ቀን አለፈ፤ ሁለተኛው ቀን አለፈ፤ አንዲት ስንኝ ከአፏ አልወጣም። የማታውቀውን መንገደኛ እንኳ ሬሳው ሲያልፍ ካየች ቆማ የምታለቅስ ሴት፣ በምራቷ እናት ለቅሶ አፏን ቆለፈች። አክስቴ እንዲሰማ አድርጋ፣ «የሞጣዋ አልቃሽ የኛ ሟች አነሰቻት እንዴ? ወይስ እኛ ቤት ስትመጣ ጉሮሮዋ ይዘጋል?» አለች። ሴቶቹ ወደ እኔ ተመለከቱ። አማቴ ከነጠላዋ ሥር አልወጣችም።

ያንን ዝምታ ተሸክሜ ወደ ሞጣ ተመለስኩ። ስድብ ቢሆን ኖሮ በስድብ እመልስ ነበር፤ ዝምታን ምን ብለው ይመልሱታል? ከሱ ጋር ደግሞ ሌላ የቆየ ቅሬታ ነበረኝ፤ እሱ በእናቴ ላይ ነው። እናቴ ካገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን ሞጣ መጥታ አላየችኝም። መንገደኛ ስታገኝ በርበሬ ትልካለች፣ ሽሮ ትልካለች፣ «እመጣለሁ በሏት» ትላለች፤ አልመጣችም። እኔ ስሄድም አልጠየቅኳት፣ እሷም አልነገረችኝ። በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ነበር።

እንዲህ ሆነን ኖርን። አምና አማቴ ከደጅ ደረጃ ላይ ወደቀችና ወገቧ ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ቀን መደቡ ላይ ናት። አንድ ጧት ቁርሷን ሳቀርብላት ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

«አንቺ፣ ጸሐፊ ነኝ አይደል የምትዪው?»

«ሰው ሲለኝ እሰማለሁ።»

«እንግዲያ የኔን ሙሾ ጻፊ። ሰምቼው ልሙት።»

«እማማ፣ ምን ሆነዋል? በቁም ሰው ላይ ሟርት ነው።»

«ሟርትማ ሳልሰማው ብቀር ነው! ሊያለቅሱልኝ የሚችሉትን ሴቶች ሁሉ እኔ ነኝ ያለቀስኩላቸው። ማን ቀረ? የዛሬዎቹ ድንኳን ገብተው ስልካቸውን ነው የሚያዩት። አገሬውን ሁሉ እኔ ሸኝቼ፣ እኔን በዋይ ዋይ ብቻ ሊሸኙኝ?»

ባሌ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። በእኔና በእናቱ ወሬ መሀል አይገባም፤ ወሬው ሲጋጋል የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ከፍ አደረገው።

እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ወረቀት ታቆሽሻለች ያለችው ሴት ወረቀቴን ፈለገች። ሁለት ቀን ለፋሁና አመጣሁላት፦

ዋርካችን ወደቀ፣ ጥላው ተገፈፈ፣
የሞጣ ሰው ሁሉ በእንባ ጎረፈ።

ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረችና፣ «ዋርካ?» አለች። «እኔ? ማን ነው በጥላዬ የተቀመጠው? አንቺ ተቀምጠሻል?»

«አልተቀመጥኩም» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ትዋሺያለሽ? ይሄን ለቀበሌው ሊቀ መንበርም ትዪዋለሽ፣ ለእህል ነጋዴውም ትዪዋለሽ። የኔ ምኑ ነው?»

ባሕር ዳር ያለው አርታኢ በትሕትና ያለውን እሷ ያለ ትሕትና ደገመችው። ተናደድኩ። «እርስዎ የሚናገሩት ነገር ከሌለ እኔ ከየት አመጣለሁ?» አልኳት።

«ጠይቂኛ!»

«ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«እሱንም አታውቂም? ድንቄም አስተማሪ!» አለችና ሳቀች፤ ወገቧን አሟት ሳቁን አቋረጠችው። ከዚያ፣ ዕድሜ ልኳን የደበቀችውን፣ እንዲያው ጥርስ እንደሚያወልቁ ሁሉ እያመማት ነገረችኝ። «ደግ ነበር ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ ሟች ሁሉ ደግ ነው። ምን ያናድደው ነበር በዪ። ከኪሱ ምን ተገኘ በዪ። ማንን ሳይሰናበት ሄደ በዪ። የሚያለቅሰውን ሰው አትጠይቂ፣ አልቅሶ የጨረሰውን ጠይቂ። ጓዳ ገብተሽ ወጥ የምትሠራዋን ጠይቂ፤ እሷ ታውቃለች። ሲመልሱልሽ ደግሞ አንቺ ዝም በዪ። አንቺ ችግርሽ ገና ሳይጨርሱ ታርሚያለሽ።»

ስለዚህ ልጠይቃት ጀመርኩ። መጀመሪያ ለእልህ ነበር፤ ቶሎ ብሎ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ከትምህርት ቤት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ በጉጉት የተነሣሁበት ጧት አልነበረም። ምን ያናድዳታል? ሰው ሲበላ አፉን ሲያጮህ። ማንን ትፈራለች? የሞተውን ባሏን፤ ዛሬም። በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የዓባይን ድልድይ ዓይኗን ጨፍና ነው የተሻገረችው። «ሳላየው ያለፍኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው» አለች፤ ይህን ስትናገር ከልቧ ይቆጫት ነበር። የመጀመሪያ ሙሾዋን ያወረደችው ለጎረቤት ላም ነው፤ አባቷ ገረፏት። ይህን ሁሉ በአንድ ግቢ ስንኖር አላውቅም ነበር። ይህቺን ሴት በደንብ ጠልቻት ነበር እንጂ ጠይቄያት አላውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የማልጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅኳት። ባሌ አልነበረም።

«የኔ እናት የሞተች ጊዜ ለምን ዝም አሉ?»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሳበች።

«አንቺን ጠይቄሽ ነበር» አለች። «ለቅሶው ስንሄድ መኪና ውስጥ። ከሞጣ እስከ ግንደወይን ጠየቅኩሽ። እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች አልኩሽ። 'ደህና ሴት ነበረች' አልሽኝ። ምን ትወድ ነበር አልኩሽ። 'ምንም' አልሽኝ። በደህና ሴት ምን ይለቀሳል?»

«እናቴ ሞታብኝ ነበር! እርስዎ ሙያዎ ታየዎት?»

«አዎን፣ ሙያዬ።»

«ቢቸና አልነበረም ሰው? ወጥ የምትሠራዋን አይጠይቁም ነበር?»

«ጠይቄአለሁ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የጎረቤታችሁን ሴትዮ ጠየቅኳት። እናትሽ አንድ ጊዜ ሞጣ ሄዳ በማግሥቱ እንደተመለሰች ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ የሞጣ ነገር ሲነሣ ወሬ ትቀይር ነበር አለችኝ። ለምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ።»

ብርጭቆውን ከጎኗ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

እንዲህ ነበር የሆነው። ባገባሁ በሁለተኛው ዓመት ገደማ እኔና ባሌ ክፉኛ ተኳርፈን ነበር። ስለዚያ ዓመት ይህን ያህል ካልኩ ይበቃል። ወሬው ቢቸና ሳይደርስ አልቀረም። እናቴ ተነሥታ መጣች። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አማቴ ከአጥሩ ውስጥ ሆና አየቻት። እናቴ በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የመንገድ ኮንጎ ጫማዋን አወለቀች፤ ከፌስታል ውስጥ የቆዳ ጫማ አውጥታ አደረገች፤ ኮንጎዋን በፌስታሉ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘችና አንኳኳች። አማቴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ልጅሽ የለችም፤ ለሥልጠና ባሕር ዳር ልከዋታል፤ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም» አለቻት። ግቢ አላለቻትም። አረፍ በዪ አላለቻትም። በኛ አገር የልጅን አማት ከደጅ መመለስ ምን እንደሆነ ለአገሬ ሰው አላስረዳም።

«ልትወስድሽ የመጣች መሰለኝ» አለችኝ። «ልጄ ቤቱ ሊፈርስ ነው አልኩ።»

«ልትወስደኝ ነበር?»

«አላውቅም። አልጠየቅኳትም። ሰው ሳልጠይቅ የመለስኩት ያኔ ብቻ ነው።»

ለቅሶው ላይ የተቀመጠችው ይህን ይዛ ነበር። እሱን ካላነሣች የምትለው ሁሉ ዋርካ ነው፤ እሱን ካነሣች ራሷን ነው የምታወርደው። ዝም አለች።

ይህን የሰማች ምራት ምን ማድረግ እንደሚገባት አውቃለሁ። መጮህ፣ ዕቃዋን መሰብሰብ፣ ሽማግሌ መጥራት። ንዴቱም ነበር። ከንዴቱ ቀድሞ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጫማው ምን ዓይነት ነበር?» አልኳት።

ራሷም ገርሟት ቀና አለች። «ቡናማ። በጎን በኩል ዘለበት ያለው።»

«አዲስ ነው?»

«አዲስ ነው። ሶሉ ገና አልቆሸሸም ነበር።»

«ስትሄድስ?»

«እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መልሳ አወለቀችው። በፌስታሉ ጠቀለለችው። ኮንጎዋን አደረገች።»

«ምን አለች?»

«'ሰላም በዪልኝ' አለች። አላልኩልሽም።»

አንዲት ነገር አልረሳችም። ያንን ሁሉ ዓመት ስንኝ ሳታደርገው ይዛው ኖራለች። ምን ለብሳ ነበር፣ ፀሐይ ነበር ወይ፣ ጃንጥላ ይዛ ነበር ወይ፣ ስትናገር ወደ ግቢው አሻግራ ታይ ነበር ወይ፤ እኔ ጠየቅኩ፣ እሷ መለሰች። በመሀል አላረምኳትም። እናቴን ያን ያህል ቀርቤ ያየሁበት ቀን ከዚያ በፊት አልነበረም። አልመጣችም ብዬ ቂም የያዝኩባት ሴት አዲስ ጫማ ገዝታ መጥታለች። ያንን ያስቀረችብኝም፣ መልሳ የሰጠችኝም ያቺው አንዲት ሴት ናት። ይህን ምን እንደሚሉት አላውቅም፤ ይቅርታ ግን አይደለም።

ሳምንት ያህል ምግቧን እያቀረብኩ አላናገርኳትም። ከዚያ ጻፍኩ። ታሪክ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ሁለት ስንኝ ሆነና ቆመ። መደቡ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላት፦

ጫማዋን ቀይራ ከደጃፉ ደርሳ፣
ልጇን ሳታገኛት ሄደች ተመልሳ።

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉን እየመዘነች ነበር። እኔ ደግሞ፣ ስናገረው አፍራለሁ፣ ያን ከንፈሯን ነበር የማየው። ስለ እናቴ አልነበረም፤ ጥሩ ነው ትለኝ ይሆን ብዬ ነው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ይሄ የእናትሽ ነው።»

«አዎን።»

«የእናትሽ ከሆነ እዚህ ምን ይሠራል? መኪና ጠይቂ። ቢቸና እንሄዳለን።»

ባሌ ሲሰማ ሬዲዮውን ዘጋው፤ ይህ ብርቅ ነው። «እማዬ፣ በዚህ ወገብ? መንገዱ እንደሆነ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ከስንት ዓመት በኋላ የምን ለቅሶ ነው?»

«ለቅሶ አይሻግትም» አለችው። «ያልደረሰ ሰው መቼም ይደርሳል። አንተ ወገቤን አትቁጠርብኝ፣ ትራሱን አምጣልኝ።»

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ከሚኒባሱ የፊት ወንበር ላይ በትራስ ደግፈን አስቀመጥናት። ሾፌሩ ዘፈን ሲከፍት «ልጄ፣ ለቅሶ ነው የምንሄደው» አለችው፤ ዘጋ። «ማን ሞተባችሁ፣ እናቴ?» አላት። «የቆየ ነው» አለችው።

ቢቸና የእናቴ ቤት ውስጥ አሁን ታናሽ እህቴ ናት የምትኖረው። ደውዬላት ስለነበር ጎረቤቶችን ጠርታለች። ብዙ አይደሉም፤ ከድሮዎቹ የቀሩት ጥቂት አሮጊቶች ናቸው። አክስቴም መጣች፤ እሷም በምርኩዝ ነው። አማቴን ስታያት፣ «እንዴ! ዛሬስ ጉሮሮሽ ተከፈተልሽ?» አለቻት።

«እግዜር ያውቃል፤ ልሞክረዋ» አለቻት አማቴ።

እህቴና እኔ በብብቷ ይዘን አቆምናት። ነጠላዋን እንደ ድሮው ወገቧ ላይ አሰረች። ድምፅዋ ሻካራ ሆኗል፤ ቢሆንም ከዚያ ከታጠፈ ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። ክፍሉን ሞላው። እኔ ቃሌን ነበር የጠበቅኩት፤ ያን ቀን የምትወርደው የሷ ሳትሆን የኔ ስንኝ እንደሆነች አውቅ ነበርና። እሷ ግን እንዲህ አለች፦

ጫማዋን ቀይራ ከደጃፌ ደርሳ፣
ልጇን ብደብቃት ሄደች ተመልሳ።

ማንም ወዲያው አልተቀበላትም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደገመችው። አክስቴ ምርኩዟን መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ «እረግ!» አለች በቀስታ፤ ከዚያ ደረቷን መታች። እህቴ እኔን አየችኝ፤ እውነት ነው ወይ ማለቷ ነበር። ራሴን ነቅንቄ አዎን አልኳት። ያኔ ለእናቴ ተለቀሰ።

እኔም አለቀስኩ። ግን እያለቀስኩ በአንድ ጆሮዬ የቆጠርኩት ሌላ ነበር። ስጽፈው ደጃፉ የማን እንደሆነ አልተናገርኩም። ማን እንደመለሳት አልተናገርኩም። ጨዋነት መስሎኝ ነበር፤ ምናልባትም ፍርሃት ነው። እሷ ራሷን አንሥታ መሀል ላይ አስገባችው። እኔ የሸሸሁበትን ቦታ በሕዝብ ፊት ሞላችው። የሷ ይበልጣል። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

ስንመለስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከግንደወይን አለፍ ስንል፣ «የኔውስ?» አለችኝ። «ዕድሜ ልክሽን ልትጭሪው ነው?»

«ገና የምጠይቅዎት አለ።»

«ጠይቂያ፣ ማን ያዘሽ?»

«እርስዎስ» አልኳት፣ «ከማን ደጅ ተመልሰው ያውቃሉ?»

ዞር ብላ አየችኝ። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንኖር ፊቴን ያየችው ያኔ ነው የሚመስለኝ። ከዚያ ሾፌሩን መስኮቱን እንዲዘጋ አዘዘችው፤ ነፋሱ ቃሏን እንዳይወስድባት ነው። ትራሱን አስተካከለች።

«ስሚ እንግዲህ» አለች። «አደራሽን፣ ሳልጨርስ እንዳታርሚኝ።»